ወርድ ወይስ ቴክስት ኤዲተር? አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የመምረጫ መመሪያ

በቅርቡ አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመረች ገና አሥር ቀኗ ነው። የቤት ሥራዋን ከመጽሐፉ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጣዋለች። ግን አልሠራ አላት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስህተቷን ስትፈልግ ቆይታለች። ፋይሉን ስከፍተው ኮዱን የጻፈችው ደብዳቤ በሚጻፍበት ፕሮግራም ነው። እሷ ያጠፋችው ነገር አልነበረም። ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት " አሳምሮ “ አድርጎታል። ለደብዳቤ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለእኛ ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። ለፓይተን ግን አንዱ የሚያውቀው ምልክት ነው፣ ሌላው ባዕድ።

ይህን የምጽፈው እንደ እሷ ላላችሁ ነው። ለፕሮግራመር ብቻ አይደለም። ለቪዲዮ የአማርኛ ትርጉም የምትሠሩ፣ ድረ ገጽ የምታስተካክሉ፣ መጽሐፍ የምትጽፉ፣ የቆየ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር የምታስገቡ ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ ትደርሳላችሁ። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ምርጫው ከሌላው ይልቅ ከባድ ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ልዩነቱን በዓይናችሁ እዩት

ማብራሪያ ከመስጠቴ በፊት አንድ ሙከራ ሥሩ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ኖትፓድን ክፈቱ። «ሰላም» ብላችሁ ጻፉና ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ወርድን ክፈቱ። ያችኑ ቃል ጻፉና አስቀምጡ። አሁን በየፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ መጠናቸውን እዩ።

የኖትፓዱ 9 ባይት ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አቀማመጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሦስት ፊደል፣ ሦስት ሦስት ባይት፣ ዘጠኝ። ከዚያ ውጪ ምንም የለበትም። 12 ካሳያችሁ አትደንግጡ። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሦስት ባይት መለያ ምልክት ተጨምሮበታል ማለት ነው። የወርዱ ግን ከ10 ሺህ ባይት ይበልጣል።

ለአንዲት ቃል ያ ሁሉ ምን ይሠራል? የወርዱን ፋይል ኮፒ አድርጉና የቅጂውን ቅጥያ፣ ማለትም በስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለውን docx፣ ወደ zip (ዚፕ) ለውጡ። ቅጥያው ካልታያችሁ እንዴት እንደሚታይ ደረጃ 4 ላይ አለ። ክፈቱት። ማኅደሮችና ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ታያላችሁ። ከ2007ቱ ኦፊስ ጀምሮ የወርድ ፋይል በዚፕ የታሸገ ጥቅል ነው። አንዱ ስለ ፎንቱ ይናገራል። አንዱ ስለ ርዕሶቹ መልክ። አንዱ ማን መቼ እንደጻፈው። «ሰላም» ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ፣ በብዙ ምልክት ታጅባ ተቀምጣለች።

በአጭሩ ወርድ የሚያስቀምጠው ገጹን ነው። ቴክስት ኤዲተር የሚያስቀምጠው ፊደሉን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ደረጃ 2፦ ፋይሉን መጨረሻ ላይ የሚያነበው ማን እንደሆነ ወስኑ

ብዙ ሰው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ ፋይሉ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ጠይቁ።

የሚያነበው ሰው ከሆነ፣ በወረቀት ወይም በፒዲኤፍ፣ ሰነድ ማዘጋጃ ውሰዱ። ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ፣ የሥራ ልምድ መግለጫ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፕሮጀክት ሐሳብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። የገጽ ቁጥር፣ ኅዳግ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ ሠንጠረዥ፣ የፊርማ ቦታ ይፈልጋሉ። እነዚህን በኖትፓድ ለመሥራት መታገል ከንቱ ድካም ነው።

የሚያነበው ሌላ ፕሮግራም ከሆነ ቴክስት ኤዲተር። የፓይተን ኮድ ፓይተን ያነበዋል። ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ኤችቲኤምኤል ብራውዘር ያነበዋል። ኤስአርቲ የሚባለውን የቪዲዮ ትርጉም ፋይል ማጫወቻው ያነበዋል። በሲኤስቪ፣ ማለትም በኮማ እየተለያየ በተራ ጽሑፍ፣ የተቀመጠ የስም ዝርዝር ወደ ሌላ ሲስተም ይገባል። እነዚህ አንባቢዎች ትርፍ ነገር አይወዱም።

ሁለቱም ከሆኑ፣ ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ ማን እንደሚያነበው ካላወቃችሁ፣ ደረጃ 7ን ጠብቁ።

ደረጃ 3፦ ለሰው ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ወርድ ካላችሁ ወርድ ይበቃል። ከሌላችሁ ሊብሬኦፊስ ራይተር በነፃ ይገኛል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የወርድ ፋይልም ይከፍታል። ከሌላ ሰው ጋር አብራችሁ የምትጽፉ ከሆነ ጉግል ዶክስ ይቀላል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ላይ መጻፍ ይችላል። አማካሪ መምህር ያለው ተማሪ ግን ወርድን ቢይዝ ይሻለዋል። መምህሩ ትራክ ቼንጅስን ከፍቶ ሲያርም ምን እንደተሰረዘና ምን እንደተጨመረ በቀለም ይታያል።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ስታይል ተጠቀሙ። የመመረቂያ ጽሑፎች ሳይ ልቤን የሚያደክመው ነገር ርዕሶቹ በእጅ ተደምቀው፣ በእጅ ተልቀው፣ ማውጫው ደግሞ በነጥብ ተደርድሮ በእጅ መጻፉ ነው። አንድ አንቀጽ ሲጨመር የገጽ ቁጥሩ ሁሉ ይሳሳታል። የምዕራፍ ርዕሱ ላይ ሄዲንግ 1 ስጡ። ንዑስ ርዕሱ ላይ ሄዲንግ 2። ከዚያ ሪፈረንስስ ውስጥ ቴብል ኦፍ ኮንተንትስ የሚለውን ስትጫኑ ማውጫው ከነገጽ ቁጥሩ ይወጣል። ጽሑፉ ሲለወጥ ማውጫው ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ አፕዴት ማለት ብቻ ነው።

ለማሳተም በፍላሽ ስትወስዱ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። እናንተ በኒያላ የጻፋችሁት ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በሌላ ይተካል፣ ገጹም ይዘበራረቃል። የግድ የወርዱን ፋይል መስጠት ካለባችሁ፣ ኦፕሽንስ ውስጥ ሴቭ በሚለው ስር ፎንቱን ከፋይሉ ጋር የሚያስገባ ምርጫ አለ። እሱን አብሩት።

ደረጃ 4፦ ለማሽን ከሆነ

ለትንሽ እርማት ኖትፓድ ራሱ ይበቃል። ተጨማሪ ነገር ማውረድ አያስፈልግም። ስታስቀምጡ ግን ከታች የፋይል ዓይነት የሚለውን ሁሉም ፋይሎች ላይ አድርጉት። አለበለዚያ የፓይተን ፋይላችሁ መጨረሻ ላይ የቲኤክስቲ ቅጥያ ይለጥፍበታል። ዊንዶውስ ቅጥያውን ስለሚደብቅ ደግሞ አታዩትም። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቪው ብላችሁ የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ አድርጉ። ኮድ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ሥራ ይህ መሆን አለበት።

ከዚያ ከፍ ስትሉ ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ከ2003 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ማውረጃው ከ10 ሜጋባይት በታች ነው። ባረጀ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ቶሎ ይከፈታል። ለዊንዶውስ ብቻ መሆኑ ነው ጉድለቱ። ሁለተኛው ማይክሮሶፍት በ2015 ያወጣው ቪኤስ ኮድ ነው። እሱም ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ወደ 100 ሜጋባይት ስለሆነ ዳታ ይበላል፣ ሜሞሪም ይፈልጋል። አንዴ ከገባ ግን ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። ኮድ በቁም ነገር ልማር ካላችሁና ኮምፒውተራችሁ ከቻለ እሱን ያዙ። ካልቻለ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የሚቀርባችሁ ትልቅ ነገር የለም።

የማክ ተጠቃሚዎች፣ ቴክስትኤዲት በስሙ አያታላችሁ። ሲከፈት ያጌጠ ጽሑፍ እንዲጽፍ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። ሺፍት፣ ኮማንድና ቲን አንድ ላይ ተጫኑ። ያኔ ተራ ጽሑፍ ይሆናል።

ስለ ቪምና ኢማክስ መስማታችሁ አይቀርም። ጠንካራ መሣሪያዎች ናቸው፣ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ቪም ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚገጥመው የራሱ ጣጣ አለ። ትእዛዞቹ የላቲን ፊደላት ስለሆኑ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ አይሰሙም። በየደቂቃው ኪቦርድ መቀያየር ነው። ኢማክስ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው። የግዕዝ ፊደል መጻፊያ በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። ሌላ ኪቦርድ ሳትጭኑ አማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ።

አንድ የማየት ችግር ልንገራችሁ። የኮድ ኤዲተሮች የሚጠቀሙት ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ያለውን ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ ፎንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስለሌለ ከሌላ ፎንት ተውሶ ይመጣል። ስለዚህ ዓምዶቹ አይገጥሙም፣ ፊደሉም ደቀቅ ይላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን በነፃ አውርዳችሁ ጫኑ፣ መጠኑንም ከፍ አድርጉ። ቪኤስ ኮድ ላይ ረጅሙ አንቀጽ ከስክሪን እየወጣ ካስቸገራችሁ ኦልትና ዜድን ተጫኑ። ወደ መስመር ይመለሳል።

ደረጃ 5፦ ኢንኮዲንግ ላይ አትሳሳቱ

ከዓመታት በፊት ለአንድ ቪዲዮ የአማርኛ ትርጉም በኤስአርቲ ሠርቼ ነበር። ከ600 መስመር በላይ ነው። ፊደል ወደ ባይት ተቀይሮ የሚቀመጥበት መንገድ ኢንኮዲንግ ይባላል። ሌሊት ላይ ጨርሼ ሳስቀምጥ «አንሲ» የሚለውን፣ የግዕዝ ፊደል የማያውቀውን አሮጌ ኢንኮዲንግ፣ ሳልቀይር ተውኩት። ማስጠንቀቂያ መጣ። ደክሞኝ ስለነበር ሳላነበው እሺ አልኩት። ጠዋት ስከፍተው ፋይሉ ሙሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ነበር። ????? ብቻ። ሰዓቶቹና ቁጥሮቹ በቦታቸው አሉ፣ አማርኛው የለም። እንደገና ከመጀመሪያው ጻፍኩት። ለዚህ ነው እዚህ ደረጃ ላይ ረጋ እንድትሉ የምፈልገው።

ሴቭ አዝ ስትሉ ኖትፓድ ከታች ኢንኮዲንግ የሚል ሳጥን ያሳያችኋል። ዩቲኤፍ-8 ምረጡ። ከ2019ኙ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ያለው ኖትፓድ ለአዲስ ፋይል ራሱ ይመርጠዋል። ከዚያ በፊት ያለው ግን አንሲን ነው የሚመርጠው። በየቢሮው ያለው ኮምፒውተር ሁሉ አዲስ ስላልሆነ ሁልጊዜ እዩት። ቪኤስ ኮድ ላይ ከታች በቀኝ በኩል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከወርድ ወደ ተራ ጽሑፍ ስትቀይሩም እንዲሁ ነው። ፕሌይን ቴክስት ስትሉ የሚመጣው መስኮት ላይ ሌላ ኢንኮዲንግ የሚለውን ነክታችሁ ዩቲኤፍ-8ን ፈልጉ።

ጽሑፋችሁ ተበላሽቶ ካገኛችሁት መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ከፋይሉ ውስጥ ጠፍቷል። ቅጂ ከሌላችሁ አይመለስም። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነና አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ኤ በየሦስቱ የምትደጋገም ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ። ፊደሎቹ በሰላም አሉ። የተሳሳተው ያነበበው ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል እንደ ሦስት የላቲን ምልክት ቆጥሮታል። ሳታስቀምጡ ወደ ቪኤስ ኮድ ውሰዱት። ከታች ያለውን የኢንኮዲንግ ጽሑፍ ነክታችሁ ሪኦፕን ዊዝ ኢንኮዲንግ በሉ፣ ዩቲኤፍ-8ን ምረጡ። አማርኛው ይመለሳል።

ኤክሴል ላይ የሲኤስቪ ፋይል ስትከፍቱ የሚገጥማችሁም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፋይሉን በቀጥታ አትክፈቱት። ዳታ ከሚለው ውስጥ ከቴክስት ወይም ሲኤስቪ አስገባ በሚለው በኩል አስገቡትና 65001 ቁጥር ያለውን ዩቲኤፍ-8 ምረጡ።

ደረጃ 6፦ አማርኛችሁን በኤዲተር አጽዱ

ፕሮግራመር ያልሆነ የአማርኛ ጸሐፊ ቴክስት ኤዲተር እንዲለምድ የምገፋፋበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ፊደላችን አንድ ድምፅ ያላቸው ብዙ ፊደሎች አሉት። አንዱ ፀሐይ ይላል፣ ሌላው ጸሀይ፣ ሌላው ፀሃይ። ሦስት ሰው የጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም ይገኛሉ። ቪኤስ ኮድ ላይ ምዕራፎቹ ያሉበትን ማኅደር ክፈቱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ ተጫኑ። ከፍለጋው ሳጥን ጎን ነጥብና ኮከብ ያለባት ትንሽ ምልክት አለች። እሷን አብሩና ይህን ጻፉ፦

[ጸፀ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ

ቅንፉ «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው። ሁለት አማራጭ በስድስት፣ 12 ዓይነት አጻጻፍ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። በሁሉም ምዕራፍ ያሉትን ዘርዝሮ ያሳያችኋል። መተኪያው ላይ የመረጣችሁትን ጻፉና ለውጡ። ወርድም ዋይልድካርድ የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው፣ ግን የሚሠራው በተከፈተው ሰነድ ላይ ብቻ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለውጥ የሚለውን አትቸኩሉበት። ፀሐይ የሰው ስም ሊሆን ይችላል፣ ሰው ስሙን የሚጽፈው እንደ ወደደ ነው። «ሰራ»ን በሙሉ ወደ «ሠራ» ብትቀይሩ ደግሞ «ተሰራጨ» የሚለው «ተሠራጨ» ይሆንባችኋል። አንድ በአንድ እያያችሁ ሂዱ።

ሌላው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው «።» መጻፍ ሲገባው ሁለት ጊዜ «፡፡» ይጽፋል። አንዳንዱ የላቲኑን «::» ይጠቀማል። ሲታተም ይመሳሰላል፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። መስመር ሲሰበርም አንዱ ሁለት ነጥብ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ሊቀር ይችላል። ሁለቱንም ፈልጋችሁ በ«።» ተኩ። ከአራት ነጥቡ በፊት ባዶ ቦታ የተዉትንም እንዲሁ። ይህን በኮድ ፋይል ላይ እንዳትሠሩት ብቻ። አንዳንድ የፕሮግራም ቋንቋዎች «::»ን ለራሳቸው ሥራ ይጠቀሙበታል።

ደረጃ 7፦ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ጽሑፍ

ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ መዝገብ ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታ ከዚያም በኋላ፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር የሚጻፈው። በእነዚያ ፎንቶች ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ምልክት ነው። ፎንቱ ብቻ ነው የግዕዝ መልክ የሚያለብሰው። ፎንቱ ሲጠፋ አማርኛው አብሮ ይጠፋል። ስንት የታሪክ ጽሑፍ፣ ስንት ግጥም፣ ስንት ቃለ ጉባኤ በአሮጌ ፍላሽና ሲዲ ላይ እንዲህ ሆኖ ተቀምጧል! ይህ ያሳዝነኛል።

የእናንተን ፈትኑት። የቆየ ሰነዳችሁን ከወርድ ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ከሆነ የድሮው ፎንት ነው። ፎንቱ አሁንም የሚሠራበት ኮምፒውተር እያለ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መሣሪያ ፈልጉለት። ካልተገኘ እያያችሁ መተየብ ነው።

ለአዲስ ረጅም ሥራ፣ ለመጽሐፍ ለምሳሌ፣ እኔ የምመክረው በኤዲተር ጽፎ መጨረሻ ላይ ወደ ወርድ መውሰድ ነው። ማርክዳውን የሚባል ቀላል ዘዴ አለ። ጆን ግሩበር በ2004 አወጣው። ዋትስአፕ ላይ ቃልን በኮከብ አጥራችሁ ካደመቃችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። እንዲህ ነው የሚጻፈው፦

# ምዕራፍ 1
## የልጅነት ቤት
ይህ ተራ አንቀጽ ነው። ይህ ደግሞ **ደማቅ ቃል** ነው።

በየምዕራፉ አንድ ፋይል አድርጉ። በማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር ይከፈታል። በደረጃ 6 ያየነው ፍለጋም በሁሉም ላይ ይሠራል። ሲያልቅ ፓንዶክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ መስመር ትእዛዝ ወደ ወርድ ይቀይረዋል። አንድ # የነበረው ሄዲንግ 1፣ ሁለት የነበረው ሄዲንግ 2 ሆኖ ይገባል። ማውጫውም ወዲያው ይወጣል። አርታኢው ከዚያ በኋላ በወርድ ላይ ያርምላችሁ። ሥዕልና ሠንጠረዥ የበዛበት ሥራ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው በወርድ ጻፉት።

ደረጃ 8፦ በወርድ የተጻፈ ኮድ ካላችሁ

አትሰርዙት። ኮዱን ኮፒ አድርጉና ኤዲተር ላይ አዲስ ፋይል ውስጥ ለጥፉት። ጌጡ ይቀራል፣ የተቆለመሙት ምልክቶች ግን አብረው ይመጣሉ። ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ። “ እና ” ሁለቱንም በየተራ በ " ተኩ። ‘ እና ’ ካሉ በ ' ተኩ። ረዘም ያለው ሰረዝ – አጭሩ - ይሁን። አንድ ላይ የተጣበቁት ሦስት ነጥቦች … ተለይተው ይጻፉ። ከዚያ በየመስመሩ መጀመሪያ ያለውን ክፍት ቦታ አጥፍታችሁ በኤዲተሩ እንደ አዲስ አስገቡት፤ ፓይተን እዚያ ላይ ጥብቅ ነው። በትክክለኛው ቅጥያና በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡት።

ከተማሪዋ ጋር የሠራነውም ይህንኑ ነው። የጥቅስ ምልክቶቹን ተካን፣ ሁለት መስመር ላይ ክፍት ቦታውን አስተካከልን። አስኬደችው። የራሷ ስም በአማርኛ ስክሪኑ ላይ ወጣ።